የአውሮፕላን እግር በጠፍር ሲታሰር

ሰው እግሩን ሲያመው ጠበል ይሄዳል፣ ወጌሻ ይጠራል፣ ባይሆን ከዘራ ይይዛል። የአውሮፕላን እግር ሲሰበርስ ምን ይደረጋል? እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያብሰለስል የሚያድር ጤነኛ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። እኔ ግን በጎረምሳነቴ አንድ መስከረም ሙሉ በዚሁ ጥያቄ ስቃጠል ከርሜአለሁ። ብትስቁብኝ ግድ የለም፤ ያኔም የሰፈሬ የቁስቋም ሰው ሁሉ ስቆብኛል፣ ለምጄዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጃንሆይ ዘመን ጎንደር ላይ ትምህርቴን ጨረስኩና አዲስ አበባ ሄጄ አስተማሪነት እንድማር ተመረጥኩ። መንገዱን ክረምቱ ቆራርጦት ስለነበር የአውሮፕላን ትኬት ተቆረጠልኝ። እስከዚያ ድረስ ከመሬት ከፍ ብዬ የማውቀው በቅሎ ጀርባ ላይ ነው፤ እሷም ብትሆን ብዙ ሳትታገሠኝ ጥላኛለች። ስለዚህ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አራዳ ወጥቼ ለማውቀውም ለማላውቀውም «ከመስቀል በኋላ በአየር ልሄድ ነው» እያልኩ ስናገር ዋልኩ። ሰላምታ ያልሰጠኝ ሰው እንኳ ሳይሰማ አላለፈም። ያልነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ዋናው ሰው ሆኖ ነው ችግሩ።

ዋናው ሰው እናና ናቸው። እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች ያሳደጉኝ እህቷ ናቸው፤ ስማቸው ጥሩወርቅ ነው፣ እኔ ግን እናና እላቸዋለሁ። እናና ጅብ በድንጋይ የሚያባርሩ፣ ዳኛ ፊት ቆመው የሚሟገቱ፣ ከሰው ጋር ሲጣሉ ድምፃቸው ከቁስቋም ተነሥቶ አራዳ የሚሰማ ሴት ነበሩ። ከፍጥረት ሁሉ የሚፈሩት አውሮፕላን ብቻ ነው። በጠላት ጊዜ ከዘመድ ጋር ሸሽተው ዋሻ ገብተው ሳለ አውሮፕላን መጥቶ ከብቶቻቸውን ከነእረኛው ጨርሶባቸው ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ያ ድምፅ ሲመጣ ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ጥለው መሬት መሬት ያያሉ። አዘዞ የሚያርፈው አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር፣ ሽሮ እያማሰሉም ቢሆን ምድጃው ሥር ጉብ ይላሉ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እያልን እንስቅ ነበር። እባቡን ያየነው እኛ ስላልሆንን መሳቅ ቀላል ነበር።

አንድ ቀን ማለዳ አንጀቴን አሰርኩና ነገርኳቸው።

«እናና፣ አዲስ አበባ ልማር ልሄድ ነው።»

«ሸጋ! እሰይ የኔ ልጅ! በምን ልትሄድ ነው?»

«በአየር።»

የያዙትን ሰፌድ አስቀመጡት። «በእግርህ ሂድ፣ በበቅሎ ሂድ፣ በማኪና ሂድ። እሱ ላይ ከወጣህ ግን ምርቃቴን አታገኝም።»

«መንገዱ እኮ ተቆርጧል። እስኪጠገን ብጠብቅ ትምህርቱ ያመልጠኛል።»

«ያምልጥህ!»

«እናና፣ ይወርዳል እኮ! ቀስ ብሎ በእግሩ ያርፋል።»

«ማን አየው? እኔ ያየሁት ሲጥል ነው። ሲያርፍ አላየሁም።»

በእኛ አገር ያሳደገ ሰው እፍ ብሎ ሳይመርቅህ መንገድ አይወጣም። ትኬቱ በኪሴ ነበር፤ ያለ እናና ምርቃት ግን ወረቀት ነው። ሌላ ቢከለክለኝ ተደብቄ እሄድ ነበር፤ እናናን ተደብቄ ብሄድ አውሮፕላኑ ሳይሆን እኔ ራሴ የምወድቅ መሰለኝ። እናም ያለኝ አማራጭ አንድ ብቻ ነበር፤ አውሮፕላን ሲያርፍ ማሳየት። አዘዞ እንሂድና እንይ ብላቸው ደግሞ «ጅብ ጎሬ ድረስ በእግሬ ልሂድለት?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ሒሳብ ያስተማረን ሚስተር ቶማስ የሚባል ፈረንጅ ነበር። ቁመቱ ከበር በላይ ስለሆነ ጎንደር ውስጥ ግንባሩን ያልገጨው መቃን የለም። ይህ ሰው በራዲዮ የሚታዘዝ ትንሽ አውሮፕላን ነበረችው። ክንፏ አንድ ክንድ ተኩል ይሆናል፤ አካሏ ከላባ የቀለለ እንጨት ነው፤ አፍንጫዋ ላይ እንደ ተርብ የምትጮህ ሞተር አለች። ቶማስ ቁልፍ ያለው ሣጥን ይዞ ቁልፉን ሲጫን ግራና ቀኝ ትዞራለች። ነዳጇ ሲያልቅ ዝም ትልና እየተንሳፈፈች ትወርዳለች። ሆዷ ሥር ከሽቦ የተጠመዘዙ ሁለት እግሮች አሏት፤ ጫፋቸው ላይ ጎማ አለ። እነዚህ እግሮች ሆዷ ላይ የተያዙት ወረቀት በሚታሰርበት በቀጫጭን ላስቲክ ነበር። ይህን ሳይ ናቅኋት።

ጉዳዬን ሳጫውተው ቶማስ ልቡ ተነካ። «እናትህ ታያለች» አለኝ፤ አማርኛው ለአጭር ነገር አያንስም ነበር።

እናናን ጎትቼ ከቤታችን በታች ካለው መስክ አወጣኋቸው። «አሻንጉሊት ናት፣ አትፍሩ» ብል ማን ሰምቶኝ! ሞተሯ እንደ ጮኸች ነጠላቸው ራሳቸው ላይ ወጣ። እኔ አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ «ተነሣች፣ ዞረች፣ አሁን ልታርፍ ነው፣ ይዩ!» እያልኩ ስለፈልፍ መጣችና ከድንጋይ ጋር ተላተመች። ላስቲኩ ተበጣጠሰ፤ እግሮቿ እንደ ተኛ ግመል ታጠፉ። እናና ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ያዩት ይህን ነው።

«አረፈ የምትለኝ ይኸ ነው?» አሉኝ።

ከሁሉ የከፋው ትርፍ ላስቲክ አለመኖሩ ነበር። ቶማስ አራዳ ወጥቶ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ባዶ እጁን ተመለሰ። እኔ ግን ሰው ሲቸገር ማየት አልወድም፤ በተለይ መላውን የማውቀው ከመሰለኝ። ገበሬ ሞፈርና ቀንበር የሚያስረው በምንድን ነው? በጠፍር። አልጋ የሚሠራውስ? በጠፍር። ይህ ሁሉ አገር በጠፍር ታስሮ ሲኖር አንዲት የአሻንጉሊት እግር በጠፍር የማትታሰርበት ምክንያት ምንድን ነው? ቶማስ ክፍል ሲገባ ጠብቄ፣ የጎበጠውን ሽቦ በድንጋይ ቀጥቅጬ አቀናሁ። የከብት ቆዳ ጠፍር ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ በጥርሴ እየሳብኩ እግሯን ከሆዷ ጋር ጠፈርኳት። ፀሐይ ላይ አዋልኳት። ጠፍር ሲደርቅ እንዴት እንደሚያጠብቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ድንጋይ ሆነ።

ቶማስ ሲያይ በጣቱ መታ መታ አደረገውና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እግር ትንሽ እሺ ማለት አለበት። ይኸ እሺ አይልም።»

«የጎንደር ጠፍር ነዋ!» አልኩት ደረቴን ነፍቼ።

ለሁለተኛው ቀን ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እናናም መጡ፤ እንደ ፊተኛው ተሸፋፍነው። አወራረዷ እንዴት ያምር ነበር! «አሁን ይዩ እናና!» አልኩ። እግሮቿ መሬቱን ነኩ፤ ጠፍሩ ንቅንቅ አላለም። ቶማስ እንዳለውም እሺ አላለም። እሺ ያለው ሆዷ ነው። የሆዷ እንጨት ቷ ብሎ ተገነጠለና እግሮቿ ከነጠፍራቸው መስኩ ላይ ቆመው ሲቀሩ እሷ ያለ እግር በደረቷ እየተሳበች ከገብስ ማሳ ገባች። ሁለት የሽቦ እግሮች ብቻቸውን፣ የጠፋባቸውን ሰው እንደሚጠብቁ ሁሉ፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። በሳቅ መሬት ላይ ያልተንከባለለ ጎረቤት አልነበረም። ቶማስ እንኳ አፉን በእጁ ይዞ ዞር አለ።

እናና አልሳቁም። «እግሩን ጥሎ የሚሄድ ነገር ላይ ነው ልጄን የማወጣው?» አሉና ወደ ቤት ሄዱ። እኔም ሄጄ መደቡ ላይ ተጋደምኩ። መስቀል ደርሷል፤ አደይ አበባው ሸንተረሩን ቢጫ አድርጎታል፤ ጓደኞቼ ደመራ ይቆርጣሉ። እኔ ደግሞ እዚሁ ቁስቋም ቀርቼ ሳረጅ ይታየኝ ነበር። ላለቅስ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽም አልቀረኝ።

ከዚያ የሆነውን እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። ቶማስ ስብርባሪዋን ታቅፎ በደጃችን ሲያልፍ እናና ጠሩት። ሰማይ ላይ እያለች ቀና ብለው ሊያዩዋት ያልደፈሩትን፣ እግሯ ሲሰበር ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አጋደሟት። ሽቦው እኔ በድንጋይ ስቀጠቅጠው ሳስቶ ኖሮ አንደኛው እግር ከመሐሉ ተሰንጥቋል።

«ምነው እንዲህ አደረጋችኋት?» አሉ ቁጣ በተቀላቀለ ድምፅ። «በሉ አያ ታከለን ጥሩልኝ።»

አያ ታከለ የሰፈራችን ወጌሻ ናቸው፤ ከብትም ሰውም ያሻሉ። መጡ፣ ተቀመጡ፣ ቀና ብለውም ሳያዩ «ምን ሁና ነው የተሰበረች?» አሉ።

«ከሰማይ ወድቃ» አልኩ።

አያ ታከለ ከዛፍ የወደቀ ያክሙ ነበር፤ ከገደል የወደቀም ያውቃሉ። እግሯን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «እኔ ከሰማይ የወደቀ አክሜ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ቢሆንም ስብራት ስብራት ነው፤ ቅቤ አምጡ።»

ሽቦውን በቅቤ አሹት። ቀርከሃ ሰንጥቀው በግራ በቀኝ ደግፈው በክር ጠመጠሙት። ቶማስ ከጎን ሆኖ እግሯ ስትያዝ ፊቱን ያጨማድዳል፤ የታመመው እሱ ነው የሚመስለው። አያ ታከለ ሲጨርሱ ሳምንት ሙሉ እንዳትቆም፣ ብርድ እንዳይነካት፣ አጥንት የሚጠግን መረቅ እንድትጠጣ አዘዙ። መረቁን እኔ ጠጣሁላት።

ቶማስ ሆዷን በማጣበቂያ ገጠመው። ለማሰሪያው ደግሞ ጠፍሩን እርም ብዬ፣ አዘዞ መንገድ ላይ ካለ ጎማ ጠጋኝ ያረጀ የመኪና ከመነዳሪ ለምኜ አመጣሁ። ያችን የጎማ ውስጥ ላስቲክ በመቀስ እንደ ክር ቀጭን አድርገን ቆረጥናት። ስንስባት ትሳባለች፣ ስንለቃት ትመለሳለች። ቶማስ እግሯን ገፋ ገፋ አደረጋትና «አሁን እሺ ትላለች» አለ።

የቀረው ማረፊያው ነው። መስኩ ድንጋይ አላጣ፤ እናም አውድማ ትዝ አለኝ። በአካፋ ስደለድል፣ እበት በውኃ በጥብጬ ስለቀልቅ ጎረቤት አጥር ላይ ተደግፎ ያየኛል። በመስከረም፣ እህሉ ገና በቁሙ ሳለ፣ አውድማ የሚለቀልቅ ሰው አይተው አያውቁም። «ምን ልትወቃ ነው?» ይሉኛል። «አውሮፕላን» እላለሁ። ከዚህ በኋላ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ልጃቸውን ከእኔ ጋር እንዳያወራ የከለከሉም ነበሩ።

ሳምንቱ አልሞላም፤ ጉዞዬ ግን ደረሰ። እናና «አያ ታከለ ያሉት ይፈጸም፣ ሕመምተኛ አይቸኮልባትም» ብለው ነበር፤ ቀኑ እንደማይጠብቅ ስነግራቸው ቅር እያላቸው እሺ አሉ። ግን ሳትነሣ እንደገና ቅቤ ካልተቀባች ብለው ራሳቸው ከቅቤው ቅል አወጡና ሁለቱንም እግሮቿን እስከ ጎማው ለደፉት። ቶማስ ቅቤው እየተንጠባጠበ ቢያይም አልተናገረም፤ የእናናን ፊት አይቶ የተናገረ የለም።

ተነሣች። እናና ነጠላቸውን ጣሉ፤ እጄን ግን ያዙ። ስትዞር ሰማናት፣ ስትዞር ሰማናት፤ ከዚያ ነዳጇ አለቀና ጸጥ አለ። የእናና ጣቶች ክንዴን ቆነጠጡት። ለካ እሳቸውን ከድምፁ ይልቅ ዝምታው ነው የሚያስፈራቸው። በጠላት ጊዜም የሆነው ሁሉ የሆነው ዝም ካለ በኋላ ነው።

«ጣለ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«እያረፈች ነው እናና። ስለ እኔ ይዩ።»

ነጠላቸውን በአንድ እጃቸው ከዓይናቸው ላይ አነሡት። ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች በላይ መጣች፤ ዝቅ አለች፤ የአውድማውን ጫፍ ነካች። እግሮቿ በርገድ አሉ፣ ከመነዳሪው ተሳበ፣ መልሶ ሰበሰባቸው። አንድ ጊዜ ነጠር አለች፤ እንደገና ነካች፤ ተንከባለለችና አውድማው መሐል በሁለት እግሯ ቆመች።

«ቆመ» አሉ እናና። «አየሁት። ቆመ!»

ላቅፋቸው ስዞር የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተግተልትሎ አውድማውን ሞላው። ቅቤ የተቀባ እግር ሲመጣላቸው ከየት ያገኙታል? አንዱ ቀይ ውሻ እግሯን ነክሶ አውሮፕላኗን እንዳለች ይዟት በረረ፤ ከፊተኞቹ በረራዎቿ ይልቅ በውሻው ርቃ ሄደች። ቶማስ በረጃጅም እግሮቹ እየዘለለ ይከተላል፤ ሣጥኑን አልጣለም፤ በቁልፉ ውሻውን ሊያዞረው ሳይሞክር አልቀረም። እናና ሆዳቸውን ይዘው መሬት ላይ ቁጭ አሉና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሰማይ እያዩ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ አዘዞ አብረውኝ ወረዱ። ትልቁ አውሮፕላን ጅራቱን መሬት ላይ አስቀምጦ አፍንጫውን ቀስሮ ቆሟል። እናና ሰላምታም ሳይሰጡ በቀጥታ ወደ እግሩ ሄዱ። ጎንበስ ብለው ጎማውን በመዳፋቸው ደለቁት፤ ብረቱን ጨበጡት፤ ዞረው ሌላኛውን አዩ። አብራሪው ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ያያቸዋል።

«ማሰሪያው ምንድን ነው? እሺ ይላል?» አሉት።

«እሺ ይላል እማማ።»

«እንግዲያ ደግ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ራሴን በሁለት እጃቸው ያዙና እፍ እፍ እያሉ መረቁኝ፤ «በሰላም አውጥቶ በሰላም ያሳርፍህ፣ እግርህን ከድንጋይ ይሰውርህ፣ ለወገን መከታ ሁን።» የትንፋሻቸው ሙቀት ግንባሬ ላይ ነበር። ወደ ላይ ስንነሣ በመስኮቱ ቁልቁል አየሁ። ሸኚው ሁሉ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ወደ ሰማይ ሲያይ አንዲት ነጭ ነጠላ ብቻ መሬት ላይ ጎንበስ ብላለች። አንድ ማረፍ አይቶ ያን ሁሉ ዘመን መርሳት አይቻልም፤ እኔም አልፈረድኩባቸውም።

እናና ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ስንት ጊዜ ከስንት አገር ስመለስ ጎማው መሬት ሲነካ ልቤ ወደ እሳቸው ይሄዳል፤ ዛሬ እንዲያ አድርጎ የሚጠብቀኝ ሰው የለኝም፤ ይናፍቁኛል። ያን ቀን ከሄድኩ በኋላ የሆነውን በዓመቱ ስመለስ የነገረኝ ቶማስ ነው።

ሸኚው ሁሉ ሲበተን እናና ካልቆየሁ አሉ። የአየር ማረፊያው ጸሐፊ ወጥቶ «አርፏል እማማ፣ ይሂዱ» አላቸው።

«የት?»

«ባሕር ዳር።»

«ልጄ ባሕር ዳር ምን አለው?» አሉና ድንጋያቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ቶማስም አጠገባቸው ተቀመጠ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ጸሐፊው እንደገና መጣ።

«አዲስ አበባ አርፏል።»

እናና አልተነሡም። ቀና ብለው አዩት።

«በእግሩ?»

ጸሐፊው መጀመሪያ ሊስቅ ነበር አለኝ ቶማስ፤ ፊታቸውን ሲያይ ግን ተወው። ወደ ክፍሉ ተመለሰ፣ ራዲዮውን ከፈተ፣ አዲስ አበባን ጠራ፤ በሩን ክፍት ስለተወው መልሱን እናና በጆሯቸው ሰሙት፤ «በእግሩ ነው፣ በእግሩ።»